ሰሚ ልጅ ማን ነው?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። እኛም ነገራችንን ከአንዲት ቃል ሥር እንጀምር። በአማርኛችን «ይህ ልጅ አይሰማም» ሲባል ጆሮው ደንቁሯል ማለት አይደለም፤ አይታዘዝም፣ የተነገረውን አይፈጽምም ማለት ነው። «ሰሚ ልጅ» የተባለ እንደሆነም የተላከበት የሚሄድ፣ የተከለከለውን የሚተው፣ ጐረቤት ሁሉ የሚመርቀው ልጅ ነው። እንግዲህ «መስማት» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል ማለት ነው። ድምፅን በጆሮ መቀበልን ይገልጻል፤ ለታላቅ መታዘዝንም ይገልጻል። በገበያና በጓዳ ይህ መደራረብ ብዙ ጉዳት የለውም። ነገር ግን ክርስቲያን ወላጅ ወይም መምህር ልጁን «የእግዚአብሔርን ድምፅ ስማ» ብሎ ማስተማር በጀመረ ጊዜ ሁለቱ ትርጉሞች ተደባልቀው ትልቅ ጥያቄ ይወልዳሉ። ልጁ የሚማረው የእግዚአብሔርን ድምፅ መለየት ነውን? ወይስ በእግዚአብሔር ስም የሚመጣውን የታላላቆቹን ድምፅ መታዘዝ?

ይህ ጥያቄ የቀሳውስትና የሰባክያን ብቻ አይደለም። ከእኛ ከተማሪዎቹ መካከል በሰንበት ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ አሉ፤ ሌሎቹ ነገ መምህራን ይሆናሉ፤ አብዛኞቻችንም ወላጆች እንሆናለን። ክርስቲያን ያልሆነው ወይም በሃይማኖት ጉዳይ ልቡን ገና ያልቆረጠው ጓደኛችንም ቢሆን፣ ልጅ ኅሊናውን ማዳመጥ እንዴት ይማራል የሚለው ጉዳይ ይነካዋልና አብሮን ቢጓዝ አይከስርም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንናገራለን።

ሀ. ዔሊ ያደረገውና ያላደረገው

ስለ ልጅና ስለ እግዚአብሔር ድምፅ ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው የሳሙኤል ታሪክ ነው። ታሪኩ በመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል በ3ኛው ምዕራፍ ይገኛል። እናቱ ሐና ስእለቷን ለመፈጸም ለቤተ መቅደስ የሰጠችው ይህ ልጅ በሴሎ ከካህኑ ከዔሊ ዘንድ ያገለግል ነበር። ዔሊ አርጅቷል፤ ዓይኑም ፈዝዟል። በዚያን ዘመን የእግዚአብሔር ቃል ብርቅ እንደ ነበረ መጽሐፉ ይናገራል። በመጀመሪያው መቶ ዘመን የነበረው አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፉስ እንደ ጻፈው ሳሙኤል ያን ጊዜ የ12 ዓመት ልጅ ነበር።

አንድ ሌሊት ሳሙኤል ተኝቶ ሳለ በስሙ ተጠራ። የጠራው ዔሊ መስሎት ሮጦ ሄደ። ዔሊም እንዳልጠራው ነግሮ መለሰው። ይህ ሦስት ጊዜ ሆነ። በሦስተኛው ግን ሽማግሌው ነገሩ ገባው። ልጁ ዳግመኛ የተጠራ እንደሆነ ለመስማት ዝግጁ መሆኑን እንዲናገር መክሮ ወደ መኝታው ሰደደው። ሳሙኤልም በአራተኛው ጊዜ የሰማው መልእክት በራሱ በዔሊ ቤት ላይ የተቈረጠ ፍርድ ነበር፤ የዔሊ ልጆች ክህነቱን አርክሰው ሳለ አባታቸው አልከለከላቸውምና። ሲነጋ ሳሙኤል ነገሩን ለመናገር ፈራ። ዔሊ ግን ልጄ ብሎ ጠርቶ አንዳች እንዳይሸሽገው አማለው፤ የሰማውንም ያለ ቍጣ ተቀበለ።

ይህን ታሪክ አብዛኞቻችን በልጅነታችን የሰማነው ስለ ሳሙኤል ታዛዥነት ተብሎ ነው። ነገር ግን ዓይናችንን ወደ ዔሊ ብናዞር አንድ ሙሉ የማስተማር ዘዴ እናገኛለን። በመጀመሪያ ዔሊ «የጠራሁህ እኔ አይደለሁም» ለማለት በቅቷል። ልጁ የእግዚአብሔርን ድምፅና የአሳዳጊውን ድምፅ መለየት አቅቶት ነበር፤ ሽማግሌው ይህን ስሕተት ለራሱ ጥቅም ሊያውለው ይችል ነበር፤ አላደረገውም። ሁለተኛ ለልጁ የሰጠው የመልእክቱን ፍሬ ሳይሆን የአቀባበሉን ሥርዓት ነው፤ እግዚአብሔር እንዲህ ይልሃል አላለውም። ሦስተኛ አብሮት አልሄደም፤ በሩ ላይ ቆሞም አላዳመጠም። አራተኛ ልጁ የሰማው በራሱ ላይ የመጣ ፍርድ መሆኑን እየጠረጠረ እውነቱን ጠየቀ። እነዚህ አራት ነገሮች ልጅን መስማት የማስተማር መሠረት ናቸው ብለን እናምናለን። ከአራቱም የሚከብደው የመጨረሻው ነው።

ለ. የጆሮ ትምህርት በአገራችን

አገራችን በጆሮ ትምህርት የታወቀች ናት። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ፊደልና አቡጊዳ ከለየ በኋላ ወደ ንባብ ሲሻገር በመጀመሪያ የሚይዘው «ሐዋርያ» የሚባለውን፣ ማለት ከመጀመሪያይቱ የዮሐንስ መልእክት የተወሰደውን ንባብ ነው። ቀጥሎ ወደ ዮሐንስ ወንጌልና ወደ መዝሙረ ዳዊት ይገባል። ውዳሴ ማርያምን የመሳሰለውን ደግሞ መጽሐፍ ሳይዝ ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ በቃሉ ያጠናል። ልጆቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ምዕራፍ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲያነቡ የኔታ ከመካከላቸው የአንዱን ስሕተት በጆሯቸው ለይተው ያርማሉ። በዚህ ቤት ያደገ ልጅ የሚጥለውንና የሚያነሣውን፣ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ይለያል። እንዲህ ያለ የጆሮ ሥልጠና በዘመናዊው ትምህርት ቤት አይገኝም።

ሆኖም ሁለት ነገር እናስተውላለን። አንደኛው ልጁ የሚያነበው ግዕዝ ስለሆነ ትርጉሙ ከድምፁ ብዙ ዘግይቶ መምጣቱ ነው። ድምፁ በሰባት ዓመቱ ጆሮው ይገባል፤ ምሥጢሩ የሚፈታለት ግን ቅኔውን ዘልቆ ወደ መጻሕፍት ቤት ከገባ ብቻ ነው። በመጻሕፍት ቤት ያለው የትርጓሜ ሥርዓት እጅግ የሚያስደንቅ ነው። መምህሩ አንዱን ኃይለ ቃል ይተረጕማሉ፤ ቀጥለውም «አንድም» ብለው ሌላ ትርጓሜ ያመጣሉ፤ እንደገና «አንድም» ይላሉ። ቃሉ አንድ ሲሆን የሚሰማበት መንገድ ብዙ እንደሆነ ተማሪው በዚያ ይማራል። የሚያሳዝነው እስከዚያ የሚደርሰው ከብዙዎቹ ጥቂቱ መሆኑ ነው። ሐዋርያን አጥንቶ የቀረው ልጅ «አንድም» የምትለውን ቃል ሳያገኛት ያድጋል።

ሁለተኛው ልጅ የሚናገር እንጂ የሚደመጥ ሆኖ አለመቈጠሩ ነው። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለው ተረታችን ስለ ሊጥ ብቻ የተነገረ አይደለም። ልጅ በቃሉ ያጠናውን ሲያሰማ ይመረቃል፤ የገዛ ጥያቄውን ሲያነሣ ግን «አርፈህ ቁጭ በል» ይባላል። ከዚህም የባሰ ነገር አለ። በየቤታችን ልጅ ሲያስቸግር «ጅቡ መጣ!» ይባላል፤ ጅቡ ማስፈራራት ሲያቅተው ደግሞ «እግዜር ይቀጣሃል!» ይባላል። እንዲህ ሲሆን ልጁ እግዚአብሔርን የሚያውቀው በጅብ ምትክ የቆመ፣ የእናቱንና የአባቱን ትእዛዝ የሚያስፈጽም ዘበኛ አድርጎ ነው። እንዲህ ያደገ ልጅ እናቱ ወይም አባቱ የሞቱበት እንደሆነ፣ በእኔ ጥፋት እግዚአብሔር ቀጣኝ ብሎ ለማንም ሳይነግር በልቡ ሊሸከመው ይችላል። ጉዳዩ የቃላት ክርክር አይደለም የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

የአበው ታሪክ ግን ሌላ መንገድ እንደ ነበረም ይመሰክራል። የዜማችን አባት ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዘመን የነበረ ነው። ገድሉ እንደሚተርከው በልጅነቱ ትምህርት እምቢ ብሎት መምህሩ ጌዴዎን በገረፉት ጊዜ ሸሽቶ ሄደ፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጦም አንዲት ትል ወደ ዛፉ ለመውጣት ስትሞክር፣ ስትወድቅ፣ ደግሞም ስትሞክር በመጨረሻ ስትወጣ አየ። ከዚያም ተነሥቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ። ከዛፉ ሥር የሚያስረዳው ሰው አልነበረም። አለንጋው ያልሠራውን ዝምታው ሠራው።

ሐ. የዝምታው ጨዋታና የእረኛው ምሳሌ

ዝምታን የማስተማሪያ መሣሪያ ማድረግ ይቻላልን? በዚህ ረገድ በጣሊያን አገር በሮም ከተማ የተሠራ አንድ ሥራ ስላለ ከዚያ የምንማረው ይኖራል። ዶክተር ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 በሳን ሎሬንዞ በሚባለው የድኾች ሠፈር የሕፃናት ቤት ከፈቱ። አንድ ቀን የአራት ወር ሕፃን ታቅፈው ወደ ልጆቹ ገቡና የሕፃኗን ጸጥታ አሳዩአቸው፤ ልጆቹም እንደ እርሷ ጸጥ ለማለት ሞከሩ። ከዚህ «የዝምታ ጨዋታ» የተባለው ልምምድ ተገኘ። ልጆቹ በፈቃዳቸው ሳይንቀሳቀሱ ይቀመጣሉ፤ የሰዓቱ ምት፣ የወፉ ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ መምህርቷ ወደ ጐን ክፍል ገብታ የእያንዳንዱን ልጅ ስም በሹክሹክታ ትጠራለች። የተጠራው ልጅ ኮቴው ሳይሰማ ተነሥቶ ይሄዳል። ስሙ እስኪጠራ ድረስ የሚጠብቀውን ልጅ ስናስብ የሴሎው ሳሙኤል ትዝ አይለንምን?

በ1954 በዚያው በሮም የመጽሐፍ ቅዱስና የዕብራይስጥ ሊቅ የነበሩት ሶፊያ ካቫሌቲ ከሞንቴሶሪ መምህርት ከጃና ጎቢ ጋር ሆነው ይህን ዘዴ ለሃይማኖት ትምህርት አዋሉት። ካቫሌቲ በ2011 እስካረፉ ድረስ በዚህ ሥራ ጸንተዋል። ልጆቹ የሚማሩበትን ክፍል «አትሪየም» ብለው ሰየሙት፤ ይህም በጥንት አብያተ ክርስቲያናት ደጅ የነበረው አደባባይ ስም ነው፤ እኛ ደጀ ሰላም እንደምንለው ያለ ስፍራ ነው። በክፍሉ ውስጥ ከእንጨት የተሠሩ ትንንሽ በጎች፣ እረኛና በረት አሉ። መምህርቷ በዮሐንስ ወንጌል በ10ኛው ምዕራፍ ያለውን የመልካሙን እረኛ ምሳሌ ታነባለች፤ እረኛው በጎቹን በየስማቸው እንደሚጠራ፣ እነርሱም ድምፁን እንደሚያውቁ ትናገራለች። ከዚያ በኋላ ግን «በጎቹ እናንተ ናችሁ» ብላ አትነግራቸውም! ልጁ በጎቹን በእጁ እያንቀሳቀሰ፣ ለብቻው እያሰበ፣ ከቀናት ወይም ከወራት በኋላ ራሱ ይደርስበታል። ሌላ ሰው ቀድሞ የነገረው መልስ የልጁ የራሱ ግኝት ሊሆን አይችልምና።

በሌላ በኩል ይህን የሚቃወም አሳብ መኖሩን ሳንናገር ብናልፍ ትክክል አይሆንም። እንግሊዛዊው ሮናልድ ጎልድማን በ1964 ባሳተሙት ጥናት ስለሚነደው ቍጥቋጦ፣ ስለ ቀይ ባሕር መሻገርና ስለ ጌታ መፈተን የተነገሩትን ታሪኮች ከ6 እስከ 17 ዓመት ለሆኑ 200 ተማሪዎች አቅርበው፣ ትንንሾቹ ልጆች ነገሩን ሁሉ እንደ ቃሉ ብቻ እንደሚረዱት አሳይተዋል። ለምሳሌ እግዚአብሔር ተናገረ ሲባል የሰው ዓይነት ጕሮሮ ያለው ይመስላቸዋል። ስለዚህ ከባዱን የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ለልጅ ማቻኰል አይገባም ብለዋል። በእኛ አስተያየት ሁለቱ ሊቃውንት የሚለያዩትን ያህል አይራራቁም። ጎልድማን ያስጠነቀቁት ልጅ ያልገባውን አሳብ እንዳንጭንበት ነው፤ ካቫሌቲም የሚሉት አሳብ ከመጫን ይልቅ ዝምታና ምሳሌ እንስጠው ነው።

መ. ድምፅ ሁሉ ይመርመር

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል ደረስን። ልጁ በእርግጥ «ሰማሁ» ቢልስ? በ2012 አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ታንያ ለርማን በቺካጎና በካሊፎርኒያ በሚገኙ የቪንያርድ አብያተ ክርስቲያናት ከምእመናን ጋር ዓመታት ቆይተው የጻፉትን መጽሐፍ አሳትመዋል። እዚያ የተመለከቱት፣ ምእመናኑ ከአሳባቸው መካከል የትኛው የእግዚአብሔር ቃል እንደሆነ መለየትን በልምምድ የሚማሩት መሆናቸውን ነው። ጸሓፊዋ እግዚአብሔር አለ ወይም የለም ብለው አልፈረዱም። ምእመናኑ ግን አሳብ ሁሉ የእግዚአብሔር ነው አይሉም፤ መመዘኛ አላቸው። ነገሩ ያላሰቡት ነውን? ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ይስማማልን? ሌሎች ምእመናን ያጸኑታልን? ሰላም ይሰጣልን?

ምርመራ የቀረበት ድምፅ ምን እንደሚያደርስ ታሪክ ያስተምረናል። በ1212 ከኮሎኝ የተነሣ ኒኮላስ የሚባል ወጣት፣ ባሕር ይከፈልልናል፣ ኢየሩሳሌምንም ያለ ጦር እንይዛለን ብሎ ብዙ ሕዝብ አስከትሎ የአልፕስን ተራራ ተሻገረ። ታሪክ ጸሓፊዎች እንደሚሉት ተከታዮቹ ሁሉ ሕፃናት አልነበሩም፤ ቢሆንም ብዙ ወጣቶች ነበሩባቸው። ጄኖቫ ደረሱ፤ ባሕሩ ግን አልተከፈለም። ብዙዎቹም ወደ አገራቸው ሳይመለሱ ቀሩ።

አሳዳጁ መርማሪ የሆነ እንደሆነ ደግሞ ሌላ ጥፋት ይመጣል። የፈረንሳይዋ ዣን ዳርክ በ13 ዓመቷ ገደማ በአባቷ የአትክልት ቦታ ድምፅ መስማት እንደ ጀመረች ተናግራለች። ጠላቶቿ የሰበሰቡት የሊቃውንት ችሎት መረመራት፤ ነገር ግን የመረመራት ሊሰማት ሳይሆን ሊኰንናት ነበር። በ1431 በ19 ዓመቷ ገደማ በእሳት ተቃጠለች። በ1456 ፍርዱ ተሻረ፤ በ1920 ደግሞ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቅድስት ብላ ሰየመቻት። ወጣቱን ኒኮላስን ቀርቦ የጠየቀው ጠፋ፤ ዣንን የጠየቋት ደግሞ መልሱን ቀድመው ጨርሰው ነበር። ልጅ የሚያስፈልገው በእነዚህ በሁለቱ መካከል የቆመ፣ ወዶ የሚጠይቅ ታላቅ ሰው ነው።

ከዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር እናስታውስ። የአገራችን ልጅ ንባብ የሚጀምርባት ያችው የመጀመሪያይቱ የዮሐንስ መልእክት በ4ኛው ምዕራፍ መንፈስን ሁሉ እንዳናምን፣ ይልቁንም ከእግዚአብሔር መሆኑን እንድንመረምር ታዝዛለች። ምርመራን የምታዝዘው መጽሐፍ የልጁ የመጀመሪያ መጽሐፍ ናት። የቀረው ትርጉሟን ለልጁ በሚገባው ቋንቋ መንገር ነው።

ሠ. እንግዲህ ምን እናድርግ?

ለልጆች ለሚያስተምሩ ጓደኞቻችን የሚከተለውን አሳብ እናቀርባለን።

1ኛ. ዝምታን ከቅጣት እንለይ። «ዝም በል!» በየቤቱ የቍጣ ቃል ነው። ልጅ ዝምታን የሚወደው እንደ ጨዋታና እንደ ዕረፍት ሲያገኘው ነው። ለአራት ዓመት ልጅ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት ልጁ በሥራ ይወቀው። ነቢዩ ኤልያስም በኮሬብ ድምፁን ያገኘው በነፋሱ፣ በምድር መናወጡና በእሳቱ ሳይሆን ከእነርሱ በኋላ በመጣው ጸጥታ ነበር።

2ኛ. የእኛን ትእዛዝ በእኛ ስም እንስጥ። ልጁ እንዲተኛ የምንፈልግ እኛ ከሆንን «እኔ ተኛ ብዬሃለሁ» እንበል። የደከመንን ነገር ሁሉ በእግዚአብሔር ማኅተም አናትም። ዔሊ «እኔ አይደለሁም» ለማለት የደፈረውን ያህል እኛም «ይህ የእኔ ቃል ነው» ለማለት እንድፈር።

3ኛ. ልጅን በጉባኤ ፊት አቁመን «እግዚአብሔር ምን አለህ?» ብለን አንጠይቅ። እንዲህ የተጠየቀ ልጅ የሰማውን ሳይሆን የሚፈለግበትን ይናገራል፤ ምንም ያልሰማውም እንዳያፍር ብሎ ይፈጥራል። አለመስማት ኃጢአት አለመሆኑን እንንገረው። ሳሙኤል እንኳ ሦስት ጊዜ አልለየውም።

4ኛ. መመዘኛውን እናስተምር። የሰማኸው ነገር ፍቅር አለበትን? ከወንጌሉ ጋር ይስማማልን? ለምታምነው ታላቅ ሰው ወይም ለንስሐ አባትህ ብትነግረው ያሳፍርሃልን? ነገ ስታስበውም እውነት ይመስልሃልን? ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር በግልጽ ይነገር። ማንም ታላቅ ሰው «እግዚአብሔር ብሎኛልና ለማንም አትናገር» ብሎ ልጅን ምሥጢር ቢያስይዘው፣ ወይም አንዳች ድምፅ ራስህን ወይም ሌላውን ጕዳ ቢለው፣ ያ የእግዚአብሔር ድምፅ አይደለም፤ ልጁም ያን ጊዜውን ሮጦ መናገር አለበት። ይህን ያልተማረ ልጅ በሃይማኖት ስም ለሚመጣበት ክፉ ሰው መከላከያ የለውም።

5ኛ. ልጁ የሚነግረንን ለመስማት እንዘጋጅ። ይህ ከሁሉ የሚከብድ መሆኑን ቀደም ብለን ተናግረናል። ልጅ ማዳመጥን በእውነት የተማረ እንደሆነ አንድ ቀን «አባባ፣ ለማኙን ለምን ተቈጣኸው?» ወይም «እማማ፣ ለሠራተኛዋ ለምን እንዲህ ትያታለሽ?» ብሎ ይመጣል። ያን ጊዜ «ምን ምላስ አበቀልህ!» ብንለው ስንት ዓመት ያስተማርነውን በአንድ ቃል እናፈርሰዋለን። ከዚያ ወዲያ ልጁ የሚሰማውን ለእኛ አይነግረንም፤ ቀስ በቀስም መስማቱን ይተዋል።

በመጨረሻ ወደ ተነሣንባት ቃል እንመለስ። በግዕዝ «ሰምዐ» ከሚለው ሥር «ስምዕ» ማለት ምስክርነት ይወጣል፤ «ሰማዕት» የሚለውም ስም ከዚያው ይወለዳል። እንግዲህ በቋንቋችን ሥር መስማት በመታዘዝ አይቈምም፤ የሰሙትን እስከ መመስከር ይሄዳል። ሳሙኤልም ሌሊት የሰማውን ሲነጋ እየፈራ ስለተናገረ ሙሉ ሰሚ ሆነ፤ ሊናገር የቻለው ግን ዔሊ ስለጠየቀው ነው። በየቤታችንና በየሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች እንዲሰሙ የሚደክም ሰው አይጠፋም። ሲነጋ ልጁን ጠርቶ «አትሸሽገኝ» የሚለው ግን ጥቂት ነው። ከሁሉ አስቀድመን ይህን ጉድለት እናስብበት። በአሳባችን የማይስማማ ወይም የሚጨምረው ያለው ጓደኛ ቢኖር በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን፤ እኛም ለመስማት ዝግጁዎች ነን።